የታመመ ዓሣ ጉበት፦ የፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ ሄሪንግ ጉዳይ

በ1993 የጸደይ ወራት (በኤፕሪል ገደማ) ፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ በሚባለው የአላስካ የባሕር ወሽመጥ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን አሰናድተው ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ እየጠበቁ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያለፈው ዓመት ምርት በአካባቢው ከታዩት ትልልቆቹ አንዱ ነበር። ትንበያውም መጪው ወቅት ጥሩ እንደሚሆን ይናገር ነበር። ዓሣው ግን በተጠበቀው ልክ አልመጣም። የመጣውም ጤነኛ አልነበረም። ዝግ ብሎ ይዋኛል። ቆዳው ላይ ደም ቋጥሯል፤ አንዳንዱም ቆስሏል። ናሙናው ላቦራቶሪ ሲገባ ቪኤችኤስ የሚባለው፣ ዓሣን ከውስጥም ከውጭም የሚያደማ ቫይረስ ተገኘበት።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የመረራቸው ዓሣ አጥማጆች ጀልባዎቻቸውን አሰልፈው ወደ ቫልዴዝ ወደብ የሚያስገባውን ጠባብ መተላለፊያ ዘጉ። ነዳጅ ጫኝ መርከቦች እንዳያልፉ ነው። ለምን ነዳጅ ጫኝ መርከብ? ምክንያቱም ከአራት ዓመት በፊት፣ ማርች 24 ቀን 1989 ከእኩለ ሌሊት ጥቂት አለፍ ሲል፣ ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ብላይ ሪፍ ከሚባለው ቋጥኝ ጋር ተጋጭታ ከ40 ሚሊዮን ሊትር በላይ ድፍድፍ ነዳጅ እዚያው ባሕር ውስጥ አፍስሳ ነበር።

የሄሪንግ ሥራ በቀጣዮቹ ዓመታት ተዘጋ። በ1997 እና በ1998 ለአጭር ጊዜ ተከፈተ። በ1999 ዳግም ተዘጋ። የአደጋውን ካሣ እንዲያስተዳድር የተቋቋመው የባለአደራዎች ምክር ቤትም ሄሪንግን "ያላገገመ" ከሚላቸው ፍጥረታት ተርታ አስቀምጦት ቆይቷል።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል፦ ሄሪንጉን የጨረሰው ዘይቱ (ያ የፈሰሰው ድፍድፍ ነዳጅ) ነው ወይስ በሽታው? እኔ ይህ ጥያቄ ከመነሻው የተጣመመ ነው ባይ ነኝ። የዘይቱን መርዝ የሚያረክሰው የዓሣ ጉበት ነው። በሽታ ሲገባም ሥራውን የሚለውጠው ያው ጉበት ነው። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ አካል ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ሴል ውስጥ፣ ይገናኛሉ። በዓሣ ጉበት ኢንዛይም የባሕርን ንጽሕና የሚለካ ሰው ይህን ካላወቀ ቁጥሩን ገልብጦ ሊያነበው ይችላል። ይህን ጉዳይ የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

ዘይቱ ወደ ዓሣው ሲገባ

ጊዜው የከፋ ነበር። ሄሪንግ በኤፕሪል ገደማ ወደ ዳርቻ ተጠግቶ በባሕር አረም ላይ እንቁላሉን ይለጥፋል። መርከቧ የተጋጨችው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሊወልዱ የደረሱ ትልልቆቹ ዓሦችም፣ እንቁላሎቹም፣ የተፈለፈሉት ጫጩቶችም ዘይቱን የሚያገኙበት ዕድል ነበር። በ1989 የተፈለፈለው ትውልድ ደካማ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በፊት በ1988 የተፈለፈለው ግን ብዙ ነበር። የ1992ን ትልቅ ምርት ያመጣው በዋናነት እሱ ነው።

ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ፒኤኤች የሚባሉ፣ ከብዙ የካርቦን ቀለበቶች የተሠሩ ውሕዶች አሉ። ስብ ይወዳሉ። በስንጥብ፣ በቆዳና በምግብ በኩል ይገባሉ። ዓሣው እንዳሉ ሊያስወጣቸው አይችልም፤ ውሃ ውስጥ አይሟሙማ። መጀመሪያ መለወጥ አለባቸው።

እዚህ ላይ ሲዋይፒ1ኤ የተባለው ኢንዛይም ይመጣል። አሠራሩ ግሩም ነው። በሴሉ ውስጥ ኤኤችአር የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን ከአጃቢዎቹ ጋር ሆኖ ይጠብቃል። የፒኤኤች ሞለኪውል ሲይዘው ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። እዚያ አርንት ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ይጣመራል። ሁለቱ አንድ ላይ ዲኤንኤው ላይ ያርፉና የሲዋይፒ1ኤን ጂን ያስነሳሉ። በሰዓታት ውስጥ ጉበቱ ኢንዛይሙን በብዛት መሥራት ይጀምራል። ኢንዛይሙ በፒኤኤቹ ላይ ኦክስጅን ይተክላል። ከዚያ ሁለተኛ ረድፍ ኢንዛይሞች ተረክበው ውሃ ወዳድ የሆነ ቁራጭ ያስሩበታል። የተለወጠው ነገር በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይወርዳል፤ ከዚያም ይወጣል።

ዓሣ በዚህ ሥራ ጎበዝ ነው። ከተበከለ ባሕር የተያዘ ዓሣ ሥጋው ውስጥ ብዙ ፒኤኤች የማይገኘው ለዚህ ነው። ያው ባሕር ውስጥ ያለ የባሕር ቀንድ አውጣ ወይም ባለ ሁለት ዛጎል ፍጥረት ግን ይህ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ሲያጠራቅም ይገኛል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የዓሣ ሥጋን ትተው ሁለት ነገር ያያሉ። አንደኛው ሐሞት ውስጥ ያለው የተሰባበረ ፒኤኤች ነው። ሁለተኛው ጉበት ውስጥ ያለው የሲዋይፒ1ኤ መጠን ነው። ኢንዛይሙ ከፍ ካለ ዓሣው ዘይት አግኝቶታል ይባላል። ዝቅ ካለ ንጹሕ ነው ይባላል። ችግሩ ያለው በዚህኛው ሁለተኛ ድምዳሜ ላይ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ልጨምር። ሲዋይፒ1ኤ ሁልጊዜ ባለውለታ አይደለም። ቤንዞፓይሪን የተባለውን ፒኤኤች ሲለውጠው በመሃል ላይ የሚፈጠረው ውሕድ ዲኤንኤ ላይ ተጣብቆ ለካንሰር በር ይከፍታል። ሆኖም ኢንዛይሙን ማፈን መፍትሔ አይሆንም። የዓሣ ሽሎች ለአንዳንድ ፒኤኤች ተጋልጠው ሲዋይፒ1ኤያቸው በሌላ ኬሚካል ሲታገድ ጉዳታቸው ተባብሶ ታይቷል። ኢንዛይሙ በጊዜው መነሳቱም በጊዜው መስራቱም ለዓሣው ሕይወት ነው።

ቁጥሩ የሚወጣበት መንገድ

ይህን ሥራ ያላዩ አንባቢዎች ስላሉ ልኬቱን ቀረብ ብለን እንየው። ኢሮድ ይባላል።

ዓሣው እንደተያዘ ሆዱ ይከፈታል። ሐሞት ከረጢቱ ሳይፈነዳ ተለይቶ ይወጣል፤ ከፈነዳ ሐሞቱ ጉበቱን ያበላሻል። ከጉበቱ ትንሽ ቁራጭ ተቆርጣ ወዲያው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ትገባለች። እዚህ ላይ መዘግየት የለም፤ ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል። ላቦራቶሪ ስትደርስ በበረዶ ላይ እንዳለች ትፈጫለች። ፍጩ መጀመሪያ በመጠኑ ይሽከረከራል፤ ዝቃጩ ይጣላል። የላይኛው ፈሳሽ እንደገና እጅግ በፈጠነ ማሽን ይሽከረከራል። ታች የሚቀረው ደቃቅ ነገር ማይክሮሶም ይባላል። ሲዋይፒ1ኤ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ኤቶክሲሬዞሩፊን የሚባል ውሕድ ይጨመርበታል፤ ለኢንዛይሙ ኃይል የሚሰጠው ኤንኤዲፒኤችም እንዲሁ። ኢንዛይሙ ካለ ውሕዱን ቆርጦ ሬዞሩፊን ያደርገዋል። ሬዞሩፊን በትክክለኛው ብርሃን ሲመታ ሮዝማ ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል። መሣሪያው ድምቀቱ በደቂቃ ስንት እንደጨመረ ይቆጥራል። በፕሮቲን ሚሊግራም ይካፈላል። አንድ ቁጥር ይወጣል። አለቀ።

ቁጥሩ ቀላል መሆኑ ነው አደጋው። ከብክለት ሌላ ብዙ ነገር ይነካዋል። የውሃው ሙቀት ይነካዋል። ጾታም ይነካዋል፤ እንቁላል የያዘች ሴት በኤስትሮጅን ምክንያት ኢንዛይሟ ይወርዳል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፦ ሊወልዱ የደረሱ የሄሪንግ ሴቶች ልክ በዚያ ሁኔታ ላይ ነበሩ። ይህ በደንብ የታወቀ ስለሆነ ሙያተኞች ወንድና ሴትን ለይተው ይመዘግባሉ። የበሽታው ተጽዕኖ ግን ይህን ያህል ትኩረት አግኝቶ አያውቅም። ማግኘት ነበረበት።

መከላከያው ሲነሳ ጉበቱ ፊቱን ያዞራል

ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ዓሣ ውስጥ ሲገባ የመከላከያ ሴሎች ያውቁታል። መልእክት ይለቃሉ፦ ኢንተርፌሮን፣ ኢንተርሉኪን፣ ቲኤንኤፍ። ዓሣ የአጥንት መቅኔ ተጠቅሞ ደም አይሠራም። ይህን ሥራ የሚሠራለት ጭንቅላቱ አጠገብ ያለው የኩላሊቱ የፊት ክፍል ነው። ጣፊያም ያግዘዋል። መልእክቱ ከእነዚህ ተነስቶ በደም ጉበት ይደርሳል።

ጉበት መልእክቱን ሲሰማ ሥራውን ይለውጣል። አሚሎይድ ኤን የመሰሉ የአደጋ ጊዜ ፕሮቲኖችን በገፍ ማምረት ይጀምራል። ለዚህ ጉልበትና ጥሬ ዕቃ ስለሚያስፈልግ ሌሎች ሥራዎች ይቀንሳሉ። ቤት ላይ እሳት ሲነሳ የጓዳውን ሥራ ጥሎ ባልዲ እንደሚያነሳ ሰው ማለት ነው። ከሚቀነሱት ሥራዎች ውስጥ መርዝ ማርከሻዎቹ አሉ።

ነገሩ ግን የጉልበት ሽሚያ ብቻ አይደለም። የብግነት ምላሽን የሚመራው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ የተባለው ፕሮቲን ከኤኤችአር ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ይህ በአጥቢ እንስሳት ሴሎች ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተረጋግጧል። ሁለቱ ሲያያዙ አንዱ የሌላውን ሥራ ያደናቅፋል። ብግነት ሲበረታ ኤኤችአር የሲዋይፒ1ኤን ጂን እንደ ልቡ ማስነሳት አይችልም። ተቃራኒውም እውነት ነው። ሌላም አለ። የተነሱ የመከላከያ ሴሎች ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃሉ። ይህ ጋዝ በኢንዛይሙ እምብርት ላይ ያለውን ብረት ይይዘዋል። ስለዚህ አዲስ ኢንዛይም መሠራቱ ይቀንሳል፤ የተሠራውም ይዳከማል።

ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ለመሰለው ሰው አንድ ታሪክ ልንገር። በ1980 በሲያትል አካባቢ የኢንፍሉዌንዛ ቢ ወረርሽኝ ነበር። ለአስም ቲዮፊሊን የሚወስዱ 11 ሕፃናት በመድኃኒቱ ተመረዙ። የሚወስዱት መጠን ድሮም የሚወስዱት ነው። የተለወጠው ጉበታቸው ነው። ቲዮፊሊንን የሚሰባብረው ሲዋይፒ1ኤ2 ለዓሣው ሲዋይፒ1ኤ ዘመድ ነው። ጉንፋኑ የልጆቹን መከላከያ ሲያስነሳው ኢንዛይማቸው ወረደ። መድኃኒቱ በደማቸው ውስጥ ተከማቸ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያስደነግጠኛል። መርዙ ሳይጨምር መመረዝ ይቻላል ማለት ነውና።

በዓሣም ላይ ተሞክሯል። ለካርፕ ዓሣ ከባክቴሪያ ልባስ የተገኘ ኢንዶቶክሲን ሲወጋ የጉበቱ መርዝ ማርከሻ ሥርዓት ይዳከማል። ኢንዶቶክሲን ሕይወት የለውም። አይራባም፤ ጉበትን አይበላም። የሚያደርገው ነገር መከላከያውን ማስነሳት ብቻ ነው። ለኢንዛይሙ መውረድ ጀርሙ ራሱ የግድ አለመሆኑን፣ የአካሉ ምላሽ በቂ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ተጽዕኖው በጉበት አይወሰንም፤ በመከላከያ አካላቱ ውስጥ ያለውንም ኢንዛይም ይነካል።

መንገዱ የሚሄደው በሁለቱም አቅጣጫ ነው

ፒኤኤችም በበኩሉ መከላከያውን ያዳክማል። ከዚያው ከሲያትል ብዙም ሳንርቅ፣ በፒዩጀት ሳውንድ የተበከሉ የወንዝ አፎችን አልፈው የመጡ የቺኑክ ሳልሞን ግልገሎች ቪብሪዮ ለሚባለው ባክቴሪያ ሲጋለጡ ከንጹሕ ቦታ ከመጡት ይበልጥ ሞተዋል። ይህ በ1990ዎቹ በሙከራ የታየ ነው።

ለሄሪንጉ ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው ግን በ1998 የታተመው የተመራማሪው የማርክ ካርልስና የባልደረቦቹ ሙከራ ነው። ሊወልዱ የተቃረቡ የፓስፊክ ሄሪንጎች ተወሰዱ። ዓሦቹ ቫይረሱን ከተፈጥሮ ይዘውት የመጡ ናቸው፤ ማንም አልወጋቸውም። ከዚያ በተለያየ መጠን ላረጀ ድፍድፍ ነዳጅ ተጋለጡ። ዘይቱ በጨመረ ቁጥር ቫይረሱ የተገኘባቸው ዓሦች በዙ። የሞቱትም እንዲሁ። ተኝቶ የነበረ ቫይረስ ዘይት ሲመጣ ተነሳ ማለት ነው።

እስቲ አሁን የተለያዩትን ግኝቶች በአንድ ዓሣ ውስጥ እናስቀምጣቸው። ይህ የእኔ ንባብ ነው። ዘይት ይገባል። ኤኤችአር ይነሳል፤ ሲዋይፒ1ኤ ይጨምራል። በዚያው መጠን መከላከያው ይላላል። ተኝቶ የነበረው ቫይረስ ይራባል። ሲበዛ የቀረው መከላከያ ኢንተርፌሮኑን ይዞ ይነሳል። ያኔ ሲዋይፒ1ኤ ይወርዳል። ገና ያልወጣ ፒኤኤች ካለ በአካሉ ውስጥ ይቆያል። የቆየው ደግሞ መከላከያውን መጉዳቱን ይቀጥላል። በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ተመራማሪ መጥቶ የዚህን ዓሣ ጉበት በኢሮድ ቢለካው ምን ያገኛል? ዝቅተኛ ቁጥር። "ዘይት አላገኘውም" ብሎ ይጽፋል። የከፋ ጉዳት የደረሰበትን ዓሣ ከጤነኞቹ ጋር ይደምረዋል ማለት ነው።

አማካዩም ይበላሻል። ከአንድ ዳርቻ ከተያዙት ዓሦች ግማሹ ቢታመም፣ ግማሹ ከፍ ያለ፣ ግማሹ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። አማካዩ ከንጹሕ ዳርቻ ብዙም የማይለይ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ "ልዩነት የለም" ተብሎ ይወጣል። ፍርድ ቤት ደግሞ የሚያነበው ይህን ነው።

ታዲያ የ1993ን ሄሪንግ የገደለው ምንድነው?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1993 በክፍት ውሃው ውስጥ የነበረው ዘይት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ሄሪንግ ደግሞ ከዳርቻ ርቆ የሚዋኝ ዓሣ ነው። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኩት ሂደት ለ1989 እና ለቀጣዩ ጥቂት ጊዜ ይስማማል እንጂ፣ እንዳለ ወደ 1993 ገልብጦ ማምጣት ትክክል አይመስለኝም።

ዘይቱን ነጻ የሚያወጡት ወገኖች የሚያቀርቡት ማስረጃም የሚናቅ አይደለም። የዓሣው ቁጥር እጅግ በዝቶ ነበር። ምግብ አንሶት ነበር። ሄሪንግ በብርዱ ወራት እምብዛም ስለማይበላ ከዚያ በፊት ያጠራቀመውን ስብ ይዞ ነው ጸደይን የሚጠብቀው። ስቡ ቀጭን ከሆነ በተጨናነቀ መንጋ ውስጥ ቫይረስ እንደ ልቡ ይሮጣል። ይህ ብቻውን ለውድቀት ሊበቃ ይችላል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሽል እያሉ እጅግ ጥቂት ዘይት ያገኛቸው ሄሪንጎችና ሳልሞኖች በኋላ የልብ ቅርጽ ለውጥ እንደሚታይባቸው በ2015 የታተመ ሥራ አሳይቷል። ከላይ ሲታዩ ደህና ናቸው። ልባቸው ግን አንዴ የተነካ ነው። የ1989 ጉዳት በዚያው ዓመት አበቃ የሚለውን ሐሳብ ይህ ግኝት በጣም ያዳክመዋል። በእኔ ሚዛን ዘይቱ ብቻውን 1993ን አላመጣም፤ ቫይረሱ ያገኘው የሄሪንግ መንጋ ግን ከ1989 በፊት እንደነበረው ያለ መንጋ ነበር ማለትም ይከብዳል።

ደግሞም ከ1993 በኋላ በሽታው አልለቀቀም። ቪኤችኤስም፣ ኢክቲዮፎነስ የሚባለው ልብና ጡንቻ ውስጥ የሚሰፍር ጥገኛም በዚያው ባሕር ሄሪንግ ላይ ሲታዩ ቆይተዋል። ይህ ማለት ለብዙ ዓመታት ከዚያ የሚያዝ ሄሪንግ መከላከያው የተነሳበት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጉበቱን የሚለካ ሁሉ ይህን ይዞ መነሳት አለበት።

በደንብ የተሠራ ምሳሌ

ነገሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ከአደጋው 10 ዓመት በኋላ በዚያው ባሕር ዳርቻ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ይህን ዓይነት ወጥመድ እንዴት ማለፍ እንደሚቻል ያሳያል። በ2002 የታተመ ነው። ከሠሩት አንዱ ሲዋይፒ1ኤን በዓሣ ላይ ለማጥናት ዕድሜውን የሰጠው፣ ውድስ ሆል የተባለው የአሜሪካ የባሕር ምርምር ተቋም ተመራማሪ ጆን ስቴግማን ነው።

መጀመሪያ የመረጡት ዓሣ ትክክል ነበር። ግሪንሊንግና ገነል የሚባሉትን ዓሦች ያዙ። እነዚህ ከዳርቻው ድንጋይ ሥር የማይርቁ ናቸው። ዘይቱ የቀረውም እዚያ ነው፤ ከጠጠሩ ሥር ተቀብሮ። ሁለተኛ፣ በአንድ መለኪያ አልረኩም። የሲዋይፒ1ኤን መጠን ከሐሞት ውስጥ ካለው የተሰባበረ ፒኤኤች ጋር አብረው አዩ። ከአሥር ዓመት በኋላም ዓሦቹ የዘይት ተጋላጭነት ምልክት ነበራቸው። በዚያው ዳርቻ የሚመገበው ሃርለኪን ዳክዬም ለብዙ ዓመታት ከፍ ያለ ሲዋይፒ1ኤ አሳይቷል።

ሐሞት ለምን ጠቀመ? ሐሞት ውስጥ የሚገኘው ነገር ዓሣው በእርግጥ ያስወጣው ፒኤኤች ስለሆነ ነው። ኢንዛይሙ ዘይት ለመኖሩ የተሰጠ ምላሽ ነው፤ ምላሽ ደግሞ በሌላ ነገር ሊታፈን ይችላል። ሐሞቱ ግን መርዙ ራሱ ያለፈበት ነው። ኢሮዱ ዝቅ ብሎ ሐሞቱ ከፍ ካለ፣ ያ ዓሣ ዘይት አግኝቶታል፤ ኢንዛይሙን ያወረደው ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ በሽታ መፈለግ ነው።

ሐሞትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። ያልበላ ዓሣ ሐሞቱን አያፈስም። እየቆየ እየወፈረ ይሄዳል። በብርዱ ወራት መጨረሻ የተያዘ ሄሪንግ ሐሞቱ የተጠራቀመ ስለሆነ ቁጥሩ ያለልክ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሐሞቱ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ወይም ቢሊቨርዲን የተባለውን ቀለም ለክቶ ማካካስ የተለመደ ነው። ደግሞም ኢንዛይሙ ክፉኛ ከወረደ ወደ ሐሞት የሚደርሰው ፒኤኤችም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ሥጋውንና ጉበቱን በቀጥታ በኬሚስትሪ መመርመር ግድ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ጉዳይ እጁ ለገባ ሰው

ዓሣን የብክለት መለኪያ አድርጎ የሚሠራ ክፍል ካለ፣ ከዚህ ጉዳይ ተነስቼ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ውድ ነገር የለበትም። አብዛኛው ዓሣው ሲከፈት እግረ መንገድ የሚወሰድ ነው።

ጉበቱ በተወሰደበት ዓሣ ላይ የጤና ምርመራውም ይደረግ። የጤናው ክፍል ሌላ ዓሣ፣ የኬሚስትሪው ክፍል ሌላ ዓሣ ወስዶ በኋላ አማካዮቹን ማወዳደር እዚህ ላይ አይሠራም። ግንኙነቱ ያለው በአንድ ዓሣ ውስጥ ነው። ከውጭ ቁስልና ደም መቋጠር ይመዝገብ። ጣፊያው ይመዘን፤ ያበጠ ጣፊያ ብዙ ይናገራል። ከፊተኛው ኩላሊት ቁራጭ ተወስዶ ለቫይረስና ለባክቴሪያ ይመርመር። የደም ጠብታ መስታወት ላይ ትቀባ። ከዚያው ከጉበቱ ደግሞ የሲዋይፒ1ኤ መልእክተኛ አርኤንኤ (ጂኑ ምን ያህል እንደተነሳ የሚያሳየው) እና የአደጋ ጊዜ ፕሮቲኑ መልእክተኛ አርኤንኤ ጎን ለጎን ይለኩ። አሚሎይድ ኤ ሰማይ ነክቶ ሲዋይፒ1ኤ መሬት ከወደቀ ጉበቱ በብግነት ላይ እንደነበር ግልጽ ነው። ጾታ፣ የእንቁላል ደረጃ፣ የውሃ ሙቀት፣ የሰውነት ስብ፤ እነዚህ ድሮም መመዝገብ ያለባቸው ናቸው።

ትንተናው ላይ ሲደረስ የታመሙትና ጤነኞቹ ይለዩ። የታመሙትን አውጥቶ መጣል ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ዘይቱ መከላከያቸውን አዳክሞ አሳምሟቸው ከሆነ፣ ስንጥላቸው ዋናውን ማስረጃ ጣልን ማለት ነው። ለብቻቸው ይቀመጡ። ለብቻቸው ይነበቡ። ከታመመ ዓሣ የመጣ ዝቅተኛ ኢሮድ ሠንጠረዡ ላይ "ንጹሕ" ተብሎ አይግባ፤ "በኢንዛይሙ መወሰን አይቻልም" ተብሎ ይግባና ሐሞቱና የቲሹው ኬሚስትሪ ይታይ።

አደጋ ሲደርስ ደግሞ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መሠራት አለበት። በፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ ክርክሩ ለአሥርት ዓመታት የተጓተተው በከፊል ከ1989 የሄሪንግን ጉበትና በሽታ በአንድ ዓሣ ላይ ጎን ለጎን የሚያሳይ በቂ መዝገብ ስላልነበረ ነው። በ1993 ቫይረሱ ሲገኝ ተመልሶ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሰላሳና አርባ ዓሣ በየወቅቱ ከፍቶ፣ ቁራጩን በናይትሮጅን አቀዝቅዞ፣ ስም ጽፎ ማስቀመጥ ከአንድ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያነሰ ወጪ ነው። በነዳጅ መስመር ላይ ያለ ማንኛውም የባሕር ዳርቻ ይህን ናሙና ዛሬውኑ፣ ምንም ሳይፈስ፣ መሰብሰብ ይችላል።